በስማችን ሌላ ሰው ታክስ ሲያስገባ «ቆይታችሁ ኑ» አትበሉን

ግልጽ ደብዳቤ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በአማርኛ ታክስ ለምትሠሩ ወገኖቻችን፤
ግልባጭ፦ ለእድሮች፣ ለማኅበራት፣ ለአብያተ ክርስቲያናትና ለመስጊዶች አመራሮች

የተከበራችሁ ወገኖች፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው የምንኖር የአንድ እድር አባላት ነን። እድራችን የቆመው ለሐዘን ነው። ሰው ሲሞት አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ፣ ለቅሶ ለመድረስ፣ የቀሩትን ለማጽናናት። በታክስ ጉዳይ ደብዳቤ እንጽፋለን ብለን አስበን አናውቅም። ባለፈው የታክስ ወቅት ግን 6 አባሎቻችን ተራ በተራ ወደ ጸሐፊያችን መጡ። የሁሉም ወሬ አንድ ነበር። በስማቸው ወይም በልጃቸው ሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት መለያ) ቁጥር ሌላ ሰው ቀድሞ ታክስ አስገብቷል።

ከአንዱ በስተቀር ይህን ያደረገው ማን እንደሆነ አናውቅም። ይህ ደብዳቤም ሌባን ለመፈለግ አልተጻፈም። የሚያሳስበን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። አባሎቻችን መጀመሪያ የሮጡት ወደ እናንተ ነው። እንግሊዝኛው የሚከብዳቸው አሉ። የመንግሥት ወረቀት ሲያዩ የሚርበተበቱ አሉ። በቋንቋቸው የሚያስረዳቸው ሰው እናንተ ናችሁ። እናንተ ዘንድ ያገኙት መልስ ግን «ቆይታችሁ ኑ» ነበር።

የመጀመሪያዋ እህታችን በአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። ሁለት ልጆቿን ብቻዋን ነው የምታሳድገው። የዓመት ደመወዟን የሚያሳየው ወረቀት፣ ደብሊው ቱዋ፣ እንደመጣ፣ በፌብሯሪ መጀመሪያ፣ ከሥራ ወጥታ እንቅልፍ ባይኗ ሳይዞር ታክስ ወደምታሠራበት ቢሮ ሄደች። በኢ-ፋይል፣ ማለትም በኢንተርኔት፣ ተላከላት። በማግስቱ ሪጀክት ሆኖ፣ ማለትም ሳይቀበሉት፣ ተመለሰ። «ሲስተሙ ነው፣ ከሳምንት በኋላ ነይ» ተባለች። ከሳምንት በኋላ ሄደች። «ስምሽ ከሶሻል ካርድሽ ጋር አልገጠመ ይሆናል» ብለው የአያቷን ስም በሌላ አጻጻፍ ሞከሩት። ያም ተመለሰ። ለሦስተኛ ጊዜ ሄደች። «እኛ የምናደርገው ነገር የለም፣ አይ አር ኤስ ደውዪ» አሏት፣ ለፌዴራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት ማለታቸው ነው። የሚደወልበትን ቁጥር እንኳ በብጣሽ ወረቀት ጽፎ የሰጣት ሰው አልነበረም። መጀመሪያ ቀን የከፈለችውም አልተመለሰላትም። እንዲህ እንዲህ እያለ የታክስ ማስገቢያው የመጨረሻ ቀን፣ ኤፕሪል 15፣ አለፈ።

ሜይ ላይ የአንድ አባላችን ልጅ፣ አካውንቲንግ የምትማር ልጅ፣ የሪጀክቱን ወረቀት አየችው። አንዴ አንብባ ነገሩን አወቀችው። ኢ-ፋይል ሲመለስ ምክንያቱ በቁጥር ተጽፎ ነው የሚመጣው። ስም ከሶሻል ጋር ካልገጠመ ቁጥሩ ውስጥ 500 አለ። የልጅ ሶሻል ሌላ ሰው ታክስ ላይ ከገባ 507 አለ። የእህታችን ወረቀት ላይ ያለው 902 ነበር። 902 ማለት በዚህ ሶሻል ታክስ ቀድሞ ገብቷል፣ ተቀባይነትም አግኝቷል ማለት ነው። ሲስተም አልተበላሸም። ስምም አልተሳሳተም።

የስሙን ጉዳይ ለምን እንደምታነሱት ይገባናል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የአያት ስም ላስት ኔም ሆኖ ይገባል። አንዳንዱ ጋ የአባት ስም ገብቷል። ባልና ሚስት በአንድ ስም አይጠሩም። አንዱን ስም ፓስፖርቱ በአንድ ፊደል፣ ሶሻል ካርዱ በሌላ ፊደል ይጽፈዋል። ስለዚህ ሪጀክት ሲመጣ ቀድሞ ወደ ልባችሁ የሚመጣው ስም ነው። ብዙ ጊዜም ልክ ትሆናላችሁ። ግን ቁጥሩ ተጽፎ ፊታችሁ ተቀምጧል። ማንበብ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እህታችን ሦስት ወር ያጣችው ያ አንድ ደቂቃ ስላልተገኘ ነው።

መደረግ የነበረበትን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ ብለን እናምናለን። የማያውቅ ካለ ግን እንጻፈው። የዚያኑ ዕለት የራሷን ትክክለኛ ታክስ በወረቀት ማተም። ማስፈረም። ፎርም 14039ን፣ ማለትም ማንነቴ ተሰርቋል የሚለውን የቃል ማረጋገጫ፣ ሞልቶ ከኋላው ማያያዝ። ደረሰኝ ባለው በሰርቲፋይድ ፖስታ መላክ። የስቴቱን ታክስ ቢሮም ለብቻው ማሳወቅ፣ ምክንያቱም ፌዴራሉ ስላወቀ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ያውቃል ማለት አይደለም። ከዚያ ክሬዲቷን እንድታስቆልፍ መንገር፣ እሱ በነጻ ነው። በቃ ይኸው ነው። ቢበዛ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

ሦስት ወር ምን ያደርጋል የሚል ካለ የብሔራዊ ታክስ ከፋዮች ተሟጋቿ ኤሪን ኮሊንስ በ2024 ለኮንግረስ ያቀረበችውን ሪፖርት ይመልከት። ማንነታቸው የተሰረቀባቸው ሰዎች ጉዳይ እስኪዘጋ በአማካይ ከ22 ወር በላይ ይፈጅ ነበር። ወደ 500,000 የሚሆኑ ጉዳዮች ወረፋ ላይ ነበሩ። ወረፋው የሚጀምረው ደግሞ ወረቀቱ ከገባበት ቀን ነው። እህታችን 7,000 ዶላር ገደማ ሪፈንድ፣ ማለትም የታክስ ተመላሽ፣ ትጠብቅ ነበር። የቤት ኪራይና አገር ቤት ያሉ እናቷ መታከሚያ ነበር። ኪራዩ ወደ ኋላ ሲቀርባት እድራችን ለቀብር ካስቀመጠው ገንዘብ አበደርናት። ለሞተ ሰው የተዋጣ ገንዘብ ለቆመ ሰው አወጣን። ደስ ብሎን ነው ያደረግነው። ግን መድረስ ያልነበረበት ነገር ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ከዚህ ይከፋል። «ከአንዱ በስተቀር ማን እንደሆነ አናውቅም» ስንል፣ የምናውቀው አንዱ የዚህኛው ነው።

አንድ ወንድማችን በመኪናው ሰው እያመላለሰ ነው የሚኖረው። ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ወደ አንድ ታክስ ሠሪ ጎራ አለ። «ስንት ይደርሰኛል?» ብሎ ለመጠየቅ ብቻ። የግል ሥራ ገቢውን የሚያሳየውን ወረቀት፣ ቴን ናይንቲ ናይኑን፣ አሳየ፣ ሶሻሉን ሰጠ፣ ይደርስሃል የተባለው ገንዘብ አልጥም አለውና አመስግኖ ወጣ። አልፈረመም። አልከፈለም። በማርች ሌላ ቦታ ሲያሠራ 902 መጣ። ቆይቶ የገባውን ታክስ ቅጂ አግኝተን አየነው። የሌሉ ሁለት ልጆች ተጨምረዋል። ያላወጣው ወጪ ተቀንሷል። ታክሱን የሠራው ሰው የሚፈርምበት ቦታ ላይ ራሱ ባለቤቱ እንደሠራው ተደርጎ ተሞልቷል። ሪፈንዱ የገባበት አካውንት የሱ አይደለም።

ይህ ስሕተት አይደለም። ሕጉ ግልጽ ነው። ገንዘብ ተቀብሎ ታክስ የሚሠራ ሰው ፒቲን የሚባለው መለያ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። በሠራው ታክስ ላይ መፈረም አለበት። ኢ-ፋይል ከመላኩ በፊት ባለቤቱን ፎርም 8879 በሚባለው የፈቃድ ወረቀት ላይ ማስፈረም አለበት። የሠራውን ቅጂ መስጠት አለበት። በሜሪላንድ ደግሞ፣ ሲፒኤ (ፈቃድ ያለው የሂሳብ ባለሙያ)፣ ኢንሮልድ ኤጀንት (የአይ አር ኤስ ፈቃድ ያለው ባለሙያ) ወይም ጠበቃ ያልሆነ ታክስ ሠሪ በስቴቱ ቦርድ መመዝገብ አለበት። ሳይፈርም የሚሠራን ሰው አሜሪካኖቹ «መናፍስት ታክስ ሠሪ» ይሉታል። ሥራው ይታያል፣ እሱ አይታይም።

የዚህን ቢሮ ስም እዚህ አንጽፍም። ወንድማችን በታክስ ሠሪ ላይ አቤቱታ የሚቀርብባቸውን ፎርም 14157ንና 14157-ኤን ሞልቶ ለሚመለከተው ክፍል ልኳል። ጉዳዩ እዚያ ይታያል። የሚያሳዝነን ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ሰው ለሌሎች ሁለት ታክስ ሠሪዎች ስንነግር አንዱ «እሱማ ድሮም እንዲህ ነው» አለን። ድሮም እንዲህ ከነበረ ለምን ዝም ተባለ? ሥራችሁ የሚከበረው እርስ በርሳችሁ ስትቆጣጠሩ ነው። ሪፈንዱን በፐርሰንት የሚያስከፍል፣ «እኔ ጋ ይበልጥ ይወጣላችኋል» እያለ በየካፌው ካርድ የሚያድል ሰው ሲታይ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት መተባበር ነው።

ሦስተኛው የአንድ አባታችን ጉዳይ ነው። በዲቪ በመጣ ልጃቸው በኩል የመጡ፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ አሁን ፓርኪንግ ላይ የሚሠሩ ሰው ናቸው። ከአይ አር ኤስ 5071ሲ የሚባለው ደብዳቤ ደረሳቸው። ደብዳቤው የሚለው በስምዎ የገባ ታክስ አግኝተናል፣ እርስዎ ነዎት ያስገቡት ወይስ አይደሉም፣ ማንነትዎን አረጋግጡልን ነው። ለማንበብ ወደ አንድ ቢሮ ወሰዱት። 40 ዶላር ከፍለው የተነገራቸው «ስካም ነው፣ ይጣሉት» የሚል ነበር።

ስካም መጠራጠር ጥሩ ነው። በስልክ ደውሎ «አሁኑኑ ጊፍት ካርድ ገዝተህ ካልከፈልክ ፖሊስ ይመጣል» የሚለው በእርግጥም ሌባ ነው። መሥሪያ ቤቱ ግን መጀመሪያ ሰውን የሚያገኘው በፖስታ ነው። ደብዳቤውን በራሱ በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ማመሳከር ይቻላል። አባታችን ግን እንደተነገራቸው ጣሉት። ሁለተኛ ደብዳቤ ሲመጣ ሌላ ቢሮ ሄዱ። እዚያ ደግሞ 14039 ሞሉላቸው። ያም ልክ አልነበረም። 5071ሲ የደረሰው ሰው 14039 አይልክም። ደብዳቤው ላይ በተጻፈው መንገድ ነው ምላሽ የሚሰጠው።

በመጨረሻ ለአይ አር ኤስ ስልክ ሲደወል የልደት ቀናቸው ጥያቄ ሆነ። አንዱ ወረቀት ላይ የኛ አቆጣጠር ሳይቀየር ገብቷል። ሌላው ላይ ተቀይሯል። የ7 ዓመት ልዩነት መጣ። ይህን የሚረዳ ሰው ካለ እናንተ ናችሁ። ፈረንጅ አካውንታንት ይህ ለምን እንደሚሆን አያውቅም። እናንተ ግን በየዓመቱ ታዩታላችሁ። ደንበኛችሁ ሲመጣ ሶሻል ሴኩሪቲ ያለው የልደት ቀን የትኛው እንደሆነ ጠይቃችሁ ፋይል ላይ ማስፈር ትችላላችሁ።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር እንበል። ዋሽንግተን ዲሲ ከ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ወዲህ በአማርኛ ወረቀት ታዘጋጃለች። ከፌዴራሉ ታክስ ጋር የሚያያዘው የቋንቋ ምርጫ ቅጽ ግን ከእንግሊዝኛ ሌላ 20 ቋንቋ ሲዘረዝር አማርኛን አላካተተም። በስልክ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። አባታችን ግን ይህን መብት ከማንም አልሰሙም። «አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ» ማለት ምንም ወጪ የለውም።

በልጆች ጉዳይ ላይ ደግሞ ዝም ካልን እውነተኞች አይደለንም። ከ6ቱ ሁለቱ የልጆቻቸው ሶሻል ሌላ ሰው ታክስ ላይ ገብቶ ነው የተመለሰባቸው። ባንዱ በኩል ቀድሞ ሞግዚት የነበረች ሰው ወረቀቱን አይታው ነበር። ከዚህም ሌላ «ልጅ ማዋስ» የሚባል ነገር በመሃላችን አለ። የኔን ልጅ አንተ ጋ አስገባው፣ ትርፉን እንካፈላለን ይባላል። ይህ ወንጀል ነው። አንዳንድ ታክስ ሠሪዎች እያወቁ ያስገቡታል፣ ሲብስም ራሳቸው ይመክሩታል። አንድ ጊዜ የተዋሰ ቁጥር ከዚያ በኋላ ማን እጅ እንደሚገባ አዋሹም አያውቅም።

የኛንም ጥፋት እንናገር። የእድራችን የመመዝገቢያ ቅጽ ለ11 ዓመት የአባላትን ሶሻል ቁጥር ይጠይቅ ነበር። ለምን እንደሚጠይቅ አሁን የሚያውቅ ሰው የለም። ምናልባት መጀመሪያ ቅጹን ያወጣው ሰው ከሥራ ማመልከቻ ገልብጦት ይሆናል። መዝገቡ በካርቶን ተሞልቶ በአንድ አባል ቤት ምድር ቤት ተቀምጦ ነበር። ባለፈው ጁን ሁሉንም አውጥተን ቁጥሮቹን አጠፋን። ደንበኞቻችሁ የሶሻል ካርድ ፎቶ በቫይበርና በቴሌግራም እንደሚልኩላችሁ እናውቃለን። እባካችሁ አትቀበሉ። የላኩትንም አጥፉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከዚህ ሁሉ አብዛኛው ባልደረሰ ነበር። አይ አር ኤስ የሚሰጠው አይ ፒ ፒን የሚባል ባለ 6 አኃዝ የምስጢር ቁጥር አለ። ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ ማንነቱን ማረጋገጥ የሚችል ማንኛውም ታክስ ከፋይ በነጻ ማውጣት ይችላል። ቁጥሩ በየዓመቱ ይቀየራል። ፒን ባለው ሶሻል ያለ ፒኑ ኢ-ፋይል ልኮ ማለፍ አይቻልም። ለልጆችም ይወጣል። ባልና ሚስት ለየብቻ ያወጣሉ። ኢንተርኔቱ እምቢ ያለው ሰው ሁለት መታወቂያ ይዞ፣ ቀጠሮ አስይዞ፣ በአካል ሄዶ ማስወጣት ይችላል፣ ቁጥሩ በፖስታ ይመጣለታል። በ2025 የታክስ ወቅት ደግሞ አንድ ጥሩ ነገር ተጨምሯል። ልጁን ሌላ ሰው ቀድሞ ቢያስገባበትም፣ ወላጁ የራሱ ፒን ካለው ኢ-ፋይሉ ተቀባይነት ያገኛል።

ከ6ቱ አባሎቻችን ስለ ፒን ከታክስ ሠሪው የሰማ ማን ነበር ብለን ጠየቅን። ማንም አልነበረም። ከእናንተ ዘንድ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ታክስ ያሠሩ ሰዎች ናቸው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነበር።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ይህን ነው።

902 ሲመጣ ሰውየውን ወይም ሴትየዋን ባዶ እጁን አትመልሱት። የዚያኑ ቀን የወረቀት ታክሱን፣ 14039ኙን፣ የሚላክበትን አድራሻና የስቴቱን ስልክ አንድ ላይ ስጡት። የሪጀክት ወረቀቱንም አትመው ይያዝ። ለዚህ ተጨማሪ ካስከፈላችሁ ዋጋውን ግድግዳችሁ ላይ ጻፉት።

የሠራችሁትን ሁሉ ፈርሙ። የፒቲን ቁጥራችሁን አስገቡ። ቅጂውን ስጡ። ሪፈንዱ የሚገባበትን አካውንት ቁጥር ደንበኛው በዓይኑ አይቶ ይፈርም። ለመጠየቅ ብቻ የመጣን ሰው ሶሻል አትያዙ።

ደብዳቤ ይዞ የመጣን ሰው ሳታነቡ «ጣለው» አትበሉ። የማታውቁት ከሆነ «አላውቀውም» ማለት ነውር የለውም። ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ ሰዎችን ወደ ቪታ ነጻ የታክስ አገልግሎት፣ ወይም ወደ ዝቅተኛ ገቢ ታክስ ከፋዮች ክሊኒክ ላኳቸው። ከቤት ሊወጣ የደረሰ፣ መብራት ሊቆረጥበት የደረሰ ሰው ካለ የእርዳታ መጠየቂያውን ፎርም 911ን ሞልታችሁ ወደ ታክስ ከፋዮች ተሟጋች ቢሮ ምሩት። ለእህታችን ይህን ያደረግነው ዘግይተን ነው። ቀድመን ብናውቀው ብዙ ባልጨነቃት ነበር።

የእድርና የማኅበር፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ አመራሮች፣ ከእናንተ የምንሻው አንድ እሑድና አንድ ጁምዓ ነው። ጃንዋሪ ላይ፣ ታክስ ከመጀመሩ በፊት፣ ከጸሎት በኋላ ለ30 ደቂቃ ፒን እንዴት እንደሚወጣ በአማርኛ ይነገር። ስልክ መጠቀም የሚችሉ ወጣቶቻችን አረጋውያኑን ይርዱ። የኛ እድር 4 ልጆች አዘጋጅቷል፣ የጠራን ቦታ ሁሉ ይመጣሉ። የአባላት ሶሻል የተጻፈበት መዝገብ ካላችሁም ዛሬውኑ አጥፉት።

እህታችንን ሦስት ጊዜ የመለሳችሁ ቢሮ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። የከፈለችውን መልሱላት። አባታችንን 40 ዶላር ያስከፈላችሁም እንዲሁ። በእድራችን በኩል ብታደርሱልን ደረሰኝ እንሰጣለን።

በዚህ ጉዳይ ለመነጋገር ፈቃደኛ የሆናችሁ ታክስ ሠሪዎች ካላችሁ በወሩ የመጨረሻ እሑድ በምናደርገው ስብሰባ ላይ ተገኙ። ከአጀንዳው የመጀመሪያው ይህ ነው። ቡና ይፈላል፣ ወንበር ይዘጋጃል።

ከአክብሮት ጋር፣

የእድሩ ጸሐፊ፣
ስለ 6ቱ አባላትና ስለ መላው የእድሩ አባላት
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ